ቆማ የተማረችው ትርንጎ

መልእክቱ ሲደርሰኝ ከአሚሻቭ ወደ መሀል ከተማ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። የላከችው ሊአት ናት፤ የትርንጎ ልጅ። ሊአት አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስበትም፤ እናቷ በአማርኛ ስትናገራት እሷ በዕብራይስጥ እየመለሰች ነው ያደገችው። ያን ቀን ግን በድምፅዋ፣ በአማርኛ፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ላከችልኝ። «ገነት፣ እማዬ አረፈች።»

ደግሜ ሰማሁት። መታመሟን አውቃለሁ፤ በሳምንቱ መጀመሪያ አይቻታለሁ፤ ነርስ ነኝና የሚመጣውንም አላጣሁትም ነበር። እንቢ ያለኝ ቃሉ ነው። ለሞተ ሰው ሁሉ አረፈ ይባላል፤ ወግ ነው። ትርንጎ ግን በሕይወቷ ስታርፍ እኔ አላየሁም፤ ያየ ሰውም አላውቅም። አውቶቡሱ ውስጥ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ተነሥቼ መቆምም አልሆነልኝም፤ ከመድረሻዬ በፊት ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩት። አሁንም ስለ እሷ ልጽፍ ስቀመጥ ያው ነው። ጥቂት እጽፍና እነሣለሁ፤ መስኮት ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ።

ያወቅኋት እዚሁ እስራኤል፣ ፔታሕ ቲቅቫ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል የአረጋውያን ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣሁ ነርስ ነበርኩ፤ እሷ የክፍሉን ግድግዳ ቀለም ሦስት አራት ጊዜ ሲቀየር ያየች። ቀጭን፣ አጠር ያለች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጭምቅ አድርጋ የምታስር ሴት ናት። ስትቆም እንኳ መቆም አይባልም፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ታዛውራለች። ምሳዋን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ ቆማ ትበላለች። ሰው ወንበር ሲስብላት «በሰደር፣ በሰደር»፣ እሺ እሺ፣ ትልና ወንበሩ ላይ ቦርሳዋን ታስቀምጥበታለች።

ነርስ በዕብራይስጥ አሖት ነው የምትባለው፤ እኅት ማለት ነው። ሌሎቻችን የሥራ ስም አድርገን ነው የምንሰማው። ትርንጎ ግን አንድ ሽማግሌ «አሖት» ብሎ ሲጣራ በእውነት ወንድሟ የጠራት ይመስል ነበር የምትሄደው። ከኢትዮጵያ የመጡ የእኛ ሰዎች ሲገቡ ደግሞ ድምፅዋ ራሱ ይለወጣል። ከሩሲያ ከመጣው ሐኪም ጋር በፈጣን ዕብራይስጥ ስትከራከር የቆየች ሴት አልጋው አጠገብ ስትደርስ ጎንበስ ትልና «አባባ፣ እንዴት አደሩ፣ ምንዎን አመመዎት» ትላለች። አንቱታዋ ከመድኃኒቱ በፊት የሚያሽላቸው ነበሩ።

በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከጧት ጀምረው ይጮኻሉ። እኔ ወደ እሳቸው ስሮጥ ትርንጎ ክንዴን ያዘችና ወደ ጎረቤታቸው አልጋ አዞረችኝ። ሰውዬው ጸጥ ብለው ተኝተዋል። ጸጥታው ግን የእንቅልፍ አልነበረም፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሐኪም ተጠራ፣ ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ ተረፉ። እጃችንን ስንታጠብ ትርንጎ ጠጋ ብላ «የሚጮኸውማ አለ፤ መኖሩን ነገረሽ እኮ። ዝም ያለውን እዪ» አለችኝ። ይህን አባባሏን ከዚያ በኋላ ለብዙ ጀማሪ ነርሶች ስትናገር ሰምቻለሁ። ሁልጊዜ በለሆሳስ ነው፤ የምትቆጣ አትመስልም።

የመጣችው ከጎንደር ገጠር ነው፤ በልጅነቷ፣ በእግር፣ በሱዳን በኩል። መጀመሪያ ኪርያት ማታሎን ከሚገኝ አንድ ፋብሪካ ገብታ ሠራች። ከሥራ መልስ እየተማረች ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰች፤ ከዚያ የነርስ ትምህርት ቤት ገባች። ያኔ ትምህርት ቤቱ ሙሉ ፈቃድ ያላት ነርስ አድርጎ ያወጣ ነበር እንጂ ዲግሪ አይሰጥም። የመንግሥቱን ፈተና አልፋለች፤ ከእኔ ጋር አንድ ሥራ ነው የምንሠራው፤ እኔ ያለኝ እሷ የሌላት ቶአር የሚሉት ነገር ብቻ ነው፤ ዲግሪ።

ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ ማንንም አላስጨነቀም። የክፍሉ ምክትል ኃላፊ ጡረታ ስትወጣ ቦታውን ትርንጎ ይዛ ቆየች፤ ተራ ታወጣለች፣ ከቤተሰብ ጋር ትነጋገራለች፣ የተጣላ ታስታርቃለች። ሁላችንም በቃ ሹመቱ የእሷ ነው ብለን ነበር። ቦታው በይፋ ሲወጣ ግን ኃላፊያችን ኢላና አስጠራቻት። ኢላና ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገሩ እሷንም ከብዷት ነበር። ዲግሪ የሌለው ሰው ለዚህ ቦታ መሾም አይችልም፤ እጄ ላይ አይደለም አለቻት። ትርንጎ ከቢሮው ስትወጣ አየኋት።  ወደ አንድ ባዶ አልጋ ሄደች፤ ጧት የተቀየረውን አንሶላ ገፍፋ አውጥታ ሌላ አነጠፈችበት።

ሳምንት ያህል እንዲሁ ስትባክን ሰነበተች። ከዚያ አንድ ቀን መድኃኒት እያዘጋጀን ሳለ ቀና ሳትል «ያላ፣ በቃ፣ ተመዘገብኩ» አለችኝ። ሥራ ላይ ያሉ ነርሶች ከቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት ዲግሪያቸውን የሚያሟሉበት ትምህርት ነው። ዕድሜዋ ሃምሳን እየገፋ ነበር። ለሹመቱ ብለሽ ነው ወይ አልኳት።

«ሹመቱን አልፈለግሁም አልልሽም፤ ፈልጌያለሁ» አለች። «ግን ኢላና ‹አትችዪም› አላለችኝም። ‹የለሽም› ነው ያለችኝ። የሌለኝን ነገር ደግሞ መፈለግ አውቅበታለሁ።»

ትምህርቱ ቀላል አልነበረም። ሳይንሱ ሳይሆን እንግሊዝኛው ነው ያስቸገራት። ጽሑፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ደግሞ ዕብራይስጥን ራሱ ከፍ ካለች በኋላ ነው ያገኘችው። ቅዳሜ ማምሻውን፣ ሰንበት ሲወጣ፣ እኔ ወደምኖርበት ወደ ኔቬ ኦዝ ትመጣ ነበር። አብረን እንቀመጥ ስላት እንሂድ ትለኛለች። እኔ ጽሑፉን በስልኬ ይዤ፣ እሷ ከጎኔ እየፈጠነች፣ ሰፈሩን እንዞራለን። አንድ ቃል ሲጠፋት ትቆማለች፤ ሲገባት ደግሞ ከእኔ ቀድማ ትሄዳለች። አውቶቡስ መጠበቂያ ላይ ያሉ ሰዎች የምንጣላ ይመስላቸው ነበር።

በዙም የሚሰጠውን ትምህርት የምትከታተለው ያለችበት ቦታ ሁሉ ሆና ነው። አውቶቡስ ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ በእረፍት ሰዓቷ ከሆስፒታሉ ጓሮ። አስተማሪው ዶክተር አሚር የሚባል ወጣት ሰው ነበር፤ ተማሪ ሁሉ ካሜራውን እንዲከፍት ይፈልጋል። ትርንጎ ትከፍታለች፤ ነገር ግን በእሷ መስኮት ውስጥ የሚታየው የፊቷ ግማሽና የሚሮጥ ጣሪያ ነው። አንድ ቀን «ትርንጎ፣ ተቀመጪ እባክሽ፣ ሁላችንንም አዞርሽን» አላት። በሰደር አለችው። ስልኩን አንድ ግድግዳ ላይ አስደገፈችና ከፊቱ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ተዋት። የክፍል ጓደኞቿ በዚያ ነው የሚያውቋት፤ እርስ በርሳቸው በአካል ተያይተው የማያውቁ ነርሶች ናቸው፤ አንዷ ከአሽዶድ፣ አንዷ ከካፍር ቃሲም፣ ሌሎችም ከየቦታው።

ቤቷ አሚሻቭ ነው፤ ከእናቷ ከእማማ አለሚቱና ከሊአት ጋር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። እማማ አለሚቱ በዚያን ጊዜ መርሳት ጀምሯቸው ነበር። መጀመሪያ ምድጃ፣ ከዚያ ቀን፣ ከዚያ ሰው ረሱ። እኔን አንዳንድ ጊዜ የአክስታቸው ልጅ አድርገው ይስሙኛል። ትርንጎ የሰው እናቶች ስታስታምም ውላ ለእናቷ ትመለሳለች። በዚያ መካከል ነው የምትማረው፤ እንዴት እንዳደረገችው አሁንም አይገባኝም።

የሁለተኛው ዓመት ትልቁ ፈተና የጥናትና የስታቲስቲክስ ነበር። ከቤት ሆኖ በኮምፒዩተር ነው የሚሰጠው፤ ካሜራው ሙሉውን ይቀርፃል። ደንቡ ከወንበር አለመነሣት፣ ዓይንን ከስክሪኑ አለማንሣት፣ ሰው ወደ ክፍሉ አለመግባቱ ነው። ትርንጎን ከስታቲስቲክሱ ይልቅ መቀመጡ አስፈራት። እቤቷ ሄጄ መቀመጥ አለማመድኳት ብል ማን ያምነኛል? እኔ ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ እሷ የወንበሩን እግር በእግሮቿ ጠምጥማ ይዛ ትመልሳለች፤ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቷ ሲዘል ይሰማኛል። ሊአት እየሳቀች በዕብራይስጥ «እማ፣ ካስፈለገ አስርሻለሁ» አለቻት።

ፈተናው ጧት ነበር። ሊአት ያኔ ወታደር ናት፤ ለዚያ ቀን ብላ ፈቃድ ወስዳ አያቷን ወደ ታች ይዛ ወረደች። ዝናብ መጣና ይዛቸው ተመለሰች፤ ወጥ ቤት አስቀመጠቻቸው። ከጦር ሰፈሯ ሲደወልላት ድምፅዋ እንዳይሰማ ብላ በረንዳ ወጣች። ስትመለስ የአያቷ ወንበር ባዶ ነው። እማማ አለሚቱ የልጃቸውን ክፍል ከፍተው ገብተዋል። በአማርኛ ጥቂት ተነጋገሩ፤ ትርንጎ ከወንበሯ ተነሥታ እናቷን አቀፈች፤ ወደ ወጥ ቤት መለሰቻቸውና ተመልሳ ፈተናዋን ጨረሰች። በማግሥቱ ሥራ ስትገባ ደስ ብሏት ነበር። አልፌያለሁ፣ ይታወቀኛል አለችኝ።

ከኮሌጁ የመጣው መልስ ግን ሌላ ነበር። በፈተና ሰዓት ሌላ ሰው ገብቶ በማይታወቅ ቋንቋ አነጋግሯታልና የተከለከለ እርዳታ አግኝታለች ተብሎ ተጠርጥሯል፤ በሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ፊት ቀርባ ታስረዳ፤ የተባለውን የሚተረጉም አማርኛ የሚያውቅ ሰውም ይዛ መምጣት ትችላለች። ትርንጎ እኔን ይዛ ሄደች። መንገድ ላይ እማማ ምን እንዳሏት ጠየቅኋት። «የቤት ነገር ነው» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

የምትማርበትን ኮሌጅ በዓይኗ ስታየው ያ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ ላይ ቆም ብላ ሕንፃውን ቁልቁልና ሽቅብ አየችው። «ይሄ ነው እንዴ? ስልኬ ውስጥ ሳውቀው አነስ ያለ ነበር» አለች። ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች፤ ግን ቀልዱ ሳያልቅ መተላለፊያውን መመላለስ ጀምራ ነበር።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ ሽበት ያላት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ዶክተር አሚርም ስለ እሷ ሊመሰክር መጥቶ ከጥጉ ተቀምጧል። ቪዲዮውን ከፈቱት። ትርንጎ እንደ ድንጋይ ተቀምጣ ስትጽፍ ይታያል፤ እንደዚያ ተቀምጣ አይቻት ስለማላውቅ ሌላ ሰው መሰለችኝ። በሩ ተከፈተና የእማማ አለሚቱ ድምፅ መጣ።

«ትርንጎዬ፣ ሕፃኑስ? ለማን ሰጠሽው?»

«ተኝቷል እማዬ።»

«ፀሐይ አያግኘው። ፊቱን ሸፍኚው።»

«ሸፍኜዋለሁ።»

«አላለቀሰም?»

«አላለቀሰም እማዬ። ተኝቷል።»

ያኔ ነው ትርንጎ ተነሥታ እናቷን ስታቅፍ የሚታየው። እዚያ ቤት ሕፃን የለም፤ ሊአት እንኳ ወታደር ናት። ሰብሳቢዋ ቪዲዮውን አቁማ ወደ እኔ ዞረችና ምን እንደተባባሉ እንድነግራቸው ጠየቀችኝ። ትርንጎ እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች።

«አትተረጉምም» አለች በዕብራይስጥ። ጨዋነቷ አልጎደለም። «እናቴ ስለ ፈተናው አንድ ቃል አልተናገረችም። የተናገረችው የቤታችን ነው። መዝገብ ላይ አይጻፍም።»

ሰብሳቢዋ ሳትቆጣ አስረዳቻት። የተባለው ካልታወቀ ፈተናውን ሊቀበሉት አይችሉም፤ የሚጎዳው እሷን ነው። ትርንጎ ይገባኛል አለች። ጥቂት አስቢበት ብለው ወደ ውጭ አወጡን።

መተላለፊያው ላይ እሷ ትሄዳለች፣ እኔ እከተላለሁ። እየሄደች፣ ፊቷን ሳታዞርልኝ፣ ነገረችኝ።

«ወንድም ነበረኝ። ሕፃን። ወደ ሱዳን ስንሄድ እናቴ ታማ ነበር፤ የማዝለው እኔ ነኝ። ሲያለቅስ እወዘውዘዋለሁ፣ ዝም ይላል። አንድ ቀን ከጧት ጀምሮ ዝም አለ። ተኛልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ስሄድ ዋልኩ።» ከመተላለፊያው መጨረሻ ደርሳ ዞረች። «ያወቅነው ሲያወርዱት ነው።»

 ዝም ያለውን እዪ የምትለው አባባሏ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እንዲገባኝም አልፈለግሁም ነበር።

«እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አልጠየቀችኝም» አለች። «እንዳይከፋኝ ብላ ነው፤ ልጅ ነበርኩ። ያን ሁሉ ዓመት ዋጠችው። አሁን መርሳቱ ሲመጣ መጠንቀቁንም ረሳችው። ስለዚህ ትጠይቀኛለች።»

ይህንኑ ንገሪያቸው፣ ሰው ናቸው፣ ይረዱሻል አልኳት። ለመንኳት ማለት ይሻላል። ስንት ቅዳሜ ማምሻ ሰፈር ስንዞር እንደከረምን፣ ሹመቱ እስከዚያ እንደሚያልፋት፣ ሌላ ዓመት እንደሚጨምርባት ሁሉ ነገርኳት።

«ይረዱኛል፤ እሱማ አይጠፋኝም» አለች። «ሴትዮዋም ደግ ናት። ግን እናቴ ለኔ ብላ የዋጠችውን እኔ ለፈተና ብዬ ላውጣው? አይዶለም ገነትዬ። ተይው።»

ገብታ የቀድሞውን መልሳ ተናገረች። ኮሚቴው ማታለሏ አልተረጋገጠም፤ ሌላ ሰው ስለገባ ግን ፈተናው ተሰርዟል፤ ትምህርቱን እንደገና ትውሰድ ብሎ ወሰነ። ስንወጣ ዶክተር አሚር ተከትሎን መጣና እጇን ጨበጠ። ምን እንደተባለ አልጠየቃት፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የማከብረው።

በአውቶቡሱ ስንመለስ የማትቀመጪበት ምክንያት ይሄ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። «ኧረ እንጃ። እናቴ ስትናገር ከማሕፀን ጀምሮ ስራገጥ ነበር። ለሁሉ ነገር ምክንያት አትፈልጊለት» አለችኝ። አሁንም አንዳንዴ እሷን አምናታለሁ፤ አንዳንዴ አላምናትም።

የምክትልነቱ ቦታ ለማያ ተሰጠ፤ ለአንዲት ወጣት ጎበዝ ነርስ። እኔ ተናድጄ ማያን ለመጨበጥ እንኳ ሰንፌ ነበር። ትርንጎ ቁልፎቹን ይዛ ሄዳ ክፍሉን አዞረቻት፤ የትኛው ቤተሰብ ምን እንደሚያስቀይመው፣ የትኛው ሐኪም ሁለት ጊዜ መጠራት እንደሚፈልግ ነገረቻት። ከዚያ ያንኑ ትምህርት ከሀ ጀመረች። ቅዳሜ ማምሻ ሲደርስ በሬን ታንኳኳለች፣ ጫማዬን አደርጋለሁ፣ እንዞራለን።

የሚቀጥለው ፈተና ሲደርስ ለኮሌጁ አንድ ጥያቄ አቀረበች። ቤት ሆኜ አልፈተንም፤ እናንተ ጋ መጥቼ፣ ቆሜ ልፈተን አለቻቸው። ዶክተር አሚር ነው የረዳት፤ ከላቦራቶሪ አንድ ከፍ ያለ ጠረጴዛ አመጣላት። ሌሎቹ ተቀምጠው እሷ ከኋላ ቆማ፣ እየተወዛወዘች ጻፈች። ውጤቱ በስልኳ ሲመጣ ሥራ ላይ ነበርን። አየችው፣ ስልኩን ኪሷ ከተተች፣ መድኃኒቷን አድላ ጨረሰች፣ ልብስ ቀየረችላቸው፣ ምሳ አበላቻቸው። መስኮቱ ጋ ስንገናኝ ነው «አለፍኩ» ያለችኝ። አፏ ውስጥ ዳቦ ነበረ።

ዲግሪውን ጨረሰች። ከእኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል የምክትል ቦታ ሲከፈት ተወዳድራ አገኘችው። እዚያ የቆየችው ግን አንድ ክረምት ነው። ድካሟን ሁላችንም ከሥራ ቆጠርነው፤ እሷም እንደዚያው። ሲመረመር የቆሽት ካንሰር ነው፤ ተሠራጭቷል። የምረቃው ቀን እሷ ምርመራ ላይ ነበረች፤ ወረቀቱ በፖስታ ተላከላት። መመረቅሽን ለእናትሽ ነገርሻት ወይ ስላት ነግሬያት ነበር አለች። «እሺ ልጄ አለችኝና ውሃ ጠየቀችኝ።»

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ቤቷ ነው። አልጋ ላይ ናት፤ ብርድ ልብሱ ሥር እግሮቿ ይንቀሳቀሳሉ። ስለ በሽተኞቹ ጠየቀችኝ፤ ማን ወጣ፣ ማን ቀረ። ከዚያ ደግፌ እንዳነሣት ጠየቀችኝ። ከባድ አልነበረችም። መስኮቱ ድረስ ሄድንና ክንዴን ይዛ ቆመች፤ ከሥር አውቶቡስ ያልፋል፣ ሰው ከገበያ ይመለሳል። «ሰው ተኝቶ ሲያስብ ነገሩ ሁሉ ይበዛበታል» አለችኝ። «ቆመሽ ስታዪው ግን ያው መንገድ ነው።»  

ለቅሶው ቤት ውስጥ ቤተሰቡ አንድ ነገር ተማክሮ ነበር። ለእማማ አለሚቱ አይነገርም። ቢነገራቸው ይረሱታል፣ በጠየቁ ቁጥር እንደ አዲስ መርዶ ሊሰሙ ነው ተባለ። ሊአት ብቻ ይህን አልወደደችውም፤ ግን ሽማግሌዎቹን አልተከራከረችም። ስለዚህ እናትዬዋ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ተቀምጠው፣ ማን እንደሞተ ሳያውቁ፣ ለሚያለቅሱት እያዘኑ «አይዟችሁ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይላሉ። ያን ማየት ከባድ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ወደ እሳቸው አይመለከትም።

በሦስተኛው ቀን እነዚያ የስክሪን ጓደኞቿ መጡ። በሩ ላይ ሲገናኙ እርስ በርስ በመልክ ይተዋወቃሉ፣ በቁመት ግን አይተዋወቁም፤ «አንቺ እንደዚህ ረጅም ነሽ እንዴ» ሲባባሉ ሰማሁ። ዶክተር አሚርም አብሯቸው አለ። ከካፍር ቃሲም የመጣችው፣ ሂባ የምትባል ነርስ፣ ማንም ሳይነግራት በቀጥታ ወደ አሮጊቷ ሄዳ ከፊታቸው ተንበረከከች፤ እጃቸውን ይዛ በዕብራይስጥ አንድ ነገር ተናገረች። እማማ አለሚቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለች ይቺ ልጅ?»

 ሊአትን አየኋት፤ ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ ተርጉሚላት ማለቷ ነው። ሂባ ያለችው ይህን ብቻ ነበር፤ እኔም እንዳለ ተረጎምኩት።

«ከትርንጎ ጋር ነው የተማርኩት፤ አብረን ነው የጨረስነው ትላለች፣ እማማ።»

«ትርንጎ ትማር ነበር?»

«አዎ።»

«ጨረሰች?»

«ጨረሰች እማማ። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ። ዲግሪ አላት።»

እማማ አለሚቱ ሂባን አዩ፤ ዶክተር አሚርን አዩ፤ የመጡትን ነርሶች አንድ በአንድ አዩ። ይህ ሁሉ እንግዳ ለምን እንደተሰበሰበ በመጨረሻ የገባቸው መሰለኝ፤ ለልጃቸው ምረቃ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው አስተካክለው፣ የሂባን እጅ ሳይለቁ፣ በሰለለ ድምፃቸው እልል አሉ።

ሴቶቹ ደነገጡ። አንዷ ልታስቆማቸው ተነሥታ ነበር። ሊአት ግን ክንዷን ያዘችና አስቀመጠቻት፤ ከአያቷ ጎን ሄዳ ቆመች። እልልታ በሕይወቷ ብላ አታውቅም፤ ምላሷ እየተሳሰረ፣ ዕንባዋ አፏ ውስጥ እየገባ፣ መለሰችላቸው።